አሥራ ሰባት አንዶች

ጥቅምት 3

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ካለህበት ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤናህ አይጉደል፣ ሥራህ ይቅናህ፣ በምትገባበት በር ሁሉ መልካም ሰው ያጋጥምህ። እኔ ከዓይኔ በቀር ደህና ነኝ። ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋም ደህና ናት፤ የስፌት መኪናዋ እንደ ወትሮው ግድግዳዬን ሲያንቀጠቅጥ ይውላል።

መስመሩ እየተጣመመብኝ ስለሆነ አላስረዝመውም። ሐኪሙ የዓይን ግፊት ነው ብሎኛል። ግራው ከዳር ከዳሩ ጨልሟል፣ ቀኙም እየተከተለው ነው። «እትዬ፣ ቀዶ ጥገናው የጠፋውን አይመልስም፤ የቀረውን ነው የሚያቆየው» አለኝ። «የቀረውን» ሲል ሳቄ አመለጠኝ። የሒሳብ ተማሪዎቼ ማካፈል ስለማበዛባቸው ከኋላዬ «እትዬ ቀሪ» እያሉ ይጠሩኝ እንደነበር እሱ ከየት ያውቃል? ቀጠሮ የሰጠኝ ለኅዳር 10 ነው። ከዚያ በኋላ ሁለት ወር አንገቴን ማቀርቀርና ማንበብ ክልክል ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ ልምጣ። አንተ ብታውቀውም ጥያቄ ሳይጻፍ መልስ አይጻፍም ብዬ ነው ያስተማርኳችሁና ከራሱ ልጀምር። እናትህ ታማ በተኛች ጊዜ፣ አንድ ቀን «አሥራ አንድን የሚያካፍለው ከሌለ፣ አንዱን ብናበዛውስ?» አለችኝ። ፊደል እንኳ በቅጡ ያልቆጠረች እህቴ! በሦስት አንድ፣ በ111፣ ሞከርን፤ ለሠላሳ ሰባት ተካፈለ። በአምስትም፣ በሰባትም፣ በአሥራ አንድም፣ በአሥራ ሦስትም ሞከርን፤ ሁሉም ተሰበሩ። አሥራ ሰባቱ ላይ ስንደርስ እሷ አለፈች። ይቺውልህ፦

11111111111111111

ከአንድና ከራሷ በቀር አካፋይ ከሌላት ብቸኛ ቁጥር ናት። ካላት ግን ትንሿ አካፋይ በሠላሳ አራት ስትካፈል አንድ የምትተርፍ መሆን አለባት። እንዲህ ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች በየተራ፣ በቀን አራት አራት፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አካፈልኩ። ሃያ ስድስት ደብተር ሞልቶ ስድስት ሚሊዮን አካባቢ ደርሻለሁ። ሁሉንም ልፈትሽ ብል ከሁለት መቶ ዓመት በላይ እንደሚፈጅ ከመጀመሪያውም አውቅ ነበር። እኔ የምመኘው ምንም የማይተርፍበትን አንድ ቀን ነው።

ዓለም መልሱን እንደያዘው አላጣሁትም። ግን መልስ ከመጽሐፍ ጀርባ የሚያይ ተማሪ እንዴት እንደምቀጣ ታውቃለህ። ዘንድሮ ሕጌን በግማሽ ልጥሰው ነው። አንተ ባለህበት በሰው አገር ያሉት የሒሳብ መኪኖች ይህን እንደ ቀልድ ይሠሩታል ይባላል። ጠይቅና አንድ ቃል ብቻ ጻፍልኝ። አካፋይዋ ከደረስኩበት ብዙ የማትርቅ ከሆነ «ቅርብ» በለኝ፤ ቀጠሮዬን ገፍቼ በቀረችኝ ዓይን ልድረስባት። ካልሆነ «ሩቅ» በለኝ፤ ደብተሬን ከድኜ ወደ ሐኪሙ እሄዳለሁ። ቁጥሯን ግን አደራ፣ እንዳትነግረኝ።

ክፉ አይንካህ።

አክስትህ


ጥቅምት 29

ለማከብርዎ አክስቴ፣

እንደምን ከርመዋል? ለጤናዎ እጅግ አስባለሁ። እኔ ደህና ነኝ። ሥራዬ ያው መጋዘን ነው፤ ዕቃው በቀበቶ ላይ እየተንሸራተተ ይመጣል፣ እኔ አድራሻውን እያየሁ ወደየመኪናው እለየዋለሁ። ወገቤን ትንሽ ያመኛል እንጂ ሌላ ችግር የለብኝም። አየሩ ቀዝቅዟል።

የጠየቁኝን ነገር አልረሳሁትም። ሥራ ስለበዛብኝ እስካሁን አልተመቸኝም። በቅርቡ አደርገዋለሁ። እስከዚያው ግን ቀጠሮዎን እንዳያሳልፉ በእናቴ ይሁንብዎት። ቁጥር የትም አይሄድም፤ ዓይን ግን ይሄዳል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር መብራት ያለው ማጉያ መስታወት ልኬያለሁ። ባትሪው መለዋወጫ አለው።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ እንዲያው ትዝ ብሎኝ ነው። እግርዎ ተሰብሮ ሆስፒታል ተኝተው ሳለ እኔ የሠራሁበት ቀጭን ደብተር አሁንም አለ? ወይስ ከዕቃ ጋር ተጥሏል? ለልብስ ሰፊዋ ሰላም ይበሉልኝ።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 20

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላምና ጤና ካንተ አይራቅ። መስታወቱ ደርሶኛል፣ እጅህ ይባረክ። አንዱን አሃዝ እንደ ጣት አድርጎ ያሳየኛል። ሰባቱና አንዱ ግን ይመሳሰሉብኛል፤ ልብስ ሰፊዋን እየጠራሁ «ይቺ ሰባት ናት ወይስ አንድ?» እላታለሁ። «እኔ ሜትር ነው የማነበው» እያለች ትነግረኛለች።

ኅዳር 10 አለፈ። አልሄድኩም። መልስህን እየጠበቅኩ ነበር። «አልተመቸኝም» ያልከው ነገር ሰዓት የሚፈልግ ከሆነ ንገረኝና ልጠብቅ፤ የማይፈልግ ከሆነ ደግሞ ምን ያዘህ? ቅርብ ትሆናለች ብዬ በቀን ስድስት አድርጌዋለሁ። ስሠራ ግራ ዓይኔን በመሐረብ እሸፍነዋለሁ፤ ጭጋጉ ለቀኙ እንቅፋት ነው።

ደብተርህን ምን ብዬ እጥለዋለሁ? ከእኔዎቹ ጋር በመደርደሪያው ላይ አለ። አርባ ቀን፣ መቶ ስድሳ ማካፈል። ከሆስፒታል በክራንች ስመለስ አንድ በአንድ አሃዞቹን እየደመርኩ በዘጠኝ አጣርቼው አንድም ስህተት አላገኘሁበትም። እኔ እንኳ በወር ሁለቴ ሦስቴ እሳሳታለሁ። የዕቃ ግምጃ ቤቱ ኃላፊ ሊቀጥርህ ፈልጎ ስላንተ ሲጠይቀኝ «በእጁ የጻፈውን ቁጥር ሳላይ እፈርምለታለሁ» ብዬ የጻፍኩለት በዚያ ደብተር ተማምኜ ነው። ያ ሥራ ነው ወንዝ ያሻገረህ። አሁን ለምን ትዝ አለህ?

ሐኪሙ ሌላ ቀጠሮ ለጥር መጨረሻ ሰጥቶኛል። እስከዚያ ዓይኔ ይጠብቅ እንደሆነ አላውቅም ብሏል። አንድ ቃል ነው የለመንኩህ።

አክስትህ


ጥር 9

ለማከብርዎ አክስቴ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታዎን እለምናለሁ። ታምሜ ነበር፣ ከዚያም ቤት ቀየርኩ፣ የበዓሉ ሰሞን ደግሞ መጋዘኑ ፋታ አይሰጥም።

የጠየቁኝን አጣርቻለሁ። ሩቅ ነው። እባክዎ ደብተሩን ይዝጉና ወደ ሐኪሙ ይሂዱ። ዛሬውኑ ይሂዱ።

የእህትዎ ልጅ


የካቲት 25

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ይህን የምትጽፈው ልብስ ሰፊዋ ናት፤ የምናገረው እኔ ነኝ። ሰላም ላንተ ይሁን።

ደብዳቤህ በደረሰኝ ማግስት ሄድኩ። ግራው በታኅሣሥ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ ነበር፤ ቀኙን ቀደዱልኝ። አሁን መስኮቱ የት እንዳለ ያሳየኛል፣ ሰው ሲያልፍም ጥላውን አያለሁ። ሐኪሙ ልጅ ነው፣ ለማባበል አልለመደም። «በኅዳር መጥተው ቢሆን ያነቡ ነበር» አለኝ። ቅር አላለኝም፤ እውነቱን ነው።

ተጋድሜ የምሠራው ስለሌለኝ ደብዳቤዎችህን አስነበብኩ። ሩቅ የሆነች ቁጥር ካገኘህ ስለ አሮጌ ደብተር ለምን ትጠይቃለህ? በሦስት ወር ውስጥ የጠየቅከኝ ብቸኛ ጥያቄ እሱ ነበር። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይሏል።

ልብስ ሰፊዋን ደብተርህን እንድታወርድ ነገርኳት። እሷ ታነባለች፣ እኔ በቃሌ አካፍላለሁ፣ እንዳይጠፋብኝ እሷ በጠመኔዋ ጥቁር ጨርቅ ላይ ትጽፈዋለች። በቀን ሁለትም ሦስትም ሠራን። የአሥራ ሁለት ቀን ሥራህ፣ አርባ ስምንቱ፣ እንከን የለውም። አርባ ዘጠነኛው ስህተት ነው። ሃምሳኛውም። መጀመሪያ እኔ ነኝ የተሳሳትኩት ብዬ ሦስቴ ደገምኩት። እስከ ትናንት ሠላሳ አንድ ፈትሸናል፤ ሠላሳ አንዱም ከጭንቅላትህ የወጡ ናቸው። በዘጠኝ ሲጣሩ ግን ሁሉም ልክ ይመጣሉ። እንዴት እንደማጣራ ታውቅ ነበርና ለማጣሪያዬ ብለህ ሠራሃቸው።

የቀሩት ሰማንያ አንድ ናቸው። ከነሱ ውስጥ ምን እንዳለ አንተ ታውቃለህ፤ እኔም አሁን ሳላውቅ አልቀረሁም። ቁጥሯን እንዳትነግረኝ ያልኩህ ዛሬም እንደጸና ነው። እደርስባታለሁ። ካንተ የምፈልገው ለምን እንዳደረግከው ብቻ ነው።

አክስትህ

ከዚህ በታች ያለው የእኔ ነው፣ የልብስ ሰፊዋ። እሷ አላዘዘችኝም። አንተ ልጅ፣ ይቺ ሴት ያን ሁሉ ጊዜ በአንድ ዓይኗ አቀርቅራ ስታካፍል አጠገቧ ነበርኩ። «ይበቃሻል» ስላት «የልጁ መልስ እስኪመጣ» ትለኝ ነበር። እኔ ልብስ አበላሽቼ ባውቅ ለባለቤቱ እነግረዋለሁ፤ ሰው አጉል ልብስ ለብሶ አደባባይ እንዲወጣ አልተወውም። አሁን የጻፍኩትን አንብቢልኝ ትለኛለች፤ ይህን አላነብላትም።


መጋቢት 8

አክስቴ፣

ትምህርት ቤት ያስገባሽኝ ቀን «ከእንግዲህ ተማሪዬ ነህና እርስዎ በለኝ» ብለሽኝ ነበር። ተማሪሽ ነኝ ለማለት አሁን አፍ የለኝም። እንደ ልጅነቴ አንቺ ልበልሽ።

ለምን ላልሽው። አሥራ ሁለቱን ቀን ከልቤ ሠራሁ። በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠረጴዛሽ ላይ ተቀምጬ ሳካፍል እናቴ ትዝ አለችኝ። በመጨረሻው ሳምንቷ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማችሁ ነበር። ስለ አንዶች ታወሩ ነበር። አንቺ ትጽፊያለሽ፣ እሷ «አሁንስ ተሰበረ?» ትልሻለች፣ ትስቃላችሁ። እኔን የጠራኝ አልነበረም። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። የእናቴን የመጨረሻ ጊዜ ያ ቁጥር የወሰደብኝ ይመስለኝ ነበር፤ ዓመታት ቆይቶም አንቺን ሲወስድብኝ አየሁ። የዚያን ቀን እስክሪብቶውን ያዝኩና ከራሴ ፈጥሬ ጻፍኩ። ሲጻፍ ቀላል ነበር። በዘጠኝ እንዲገጥም ማድረግ ብቻ ትንሽ ያስቸግር ነበር። ሃያ ስምንት ቀን እንዲያ አደረግኩ።

ስትመለሺ ይዤሽ እነግርሻለሁ ብዬ ነበር። አንቺ ግን አጣርተሽ ጨረስሽና ግንባሬን ሳምሽኝ። ካፈርኩ አይመልሰኝ ሆነብኝ። ለግምጃ ቤቱ ኃላፊ ስትጽፊልኝም ዝም አልኩ።

በጥቅምት ደብዳቤሽ የደረሰኝ ዕለት ከሥራ ወጥቼ በቀጥታ ቤተ መጻሕፍት ገባሁ። «አልተመቸኝም» ያልኩሽ ውሸት ነው። እዚያ ባለው ኮምፒውተር ላይ አሥራ ሰባቱን አንድ ጻፍኩ፤ እጄን ሳላነሳ ሁለት ቁጥር ወጣ። ትንሿን ሳያት «ቅርብ ናት!» ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ስድስት ሚሊዮን ደርሻለሁ ማለትሽ ትዝ አለኝ። ቅርብም ሩቅም አልነበረችም። ከኋላሽ ነበረች። የትኛው ደብተር ውስጥ እንደምትሆን ሳሰላ ወንበሩ ላይ ብዙ ተቀመጥኩ፤ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ መጥታ አሞህ ነው ወይ አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያደረግኩትን ታውቂዋለሽ። «ቅርብ» ብልሽ ዓይንሽን ትጨርሺያለሽ። «ሩቅ» ብልሽ ውሸት ነው፣ ግን ወደ ሐኪም ትሄጂያለሽ። ውሸቱን ቶሎ መዋሸት ነበረብኝ፤ እሱን እንኳ አልቻልኩም። እውነቱን ልነግርሽ በየሳምንቱ እየጻፍኩ ቀደድኩ። አንቺ በዚያው ልክ ታካፍዪ ነበር።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት፣ መጋዘኑ ጥግ ሳጥን ላይ ተቀምጬ ያቺን አንዷን በእጄ አካፈልኳት። የመጨረሻው መስመር ላይ ዜሮ መጣ። ምን እንደወሰድኩብሽ ያኔ ገባኝ። የትኛዋ እንደሆነች አልነግርሽም፤ ከሰማንያ አንዱ ውስጥ ግን አለች።

ልምጣ በይኝ፣ እመጣለሁ። ሥራውን እለቃለሁ።

የእህትሽ ልጅ


ሚያዝያ 12

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ጤና ይስጥህ። የምትጽፈው ያችው ናት።

መጋቢት 29፣ ከምሳ በኋላ ደረስንባት። ከፈጠርካቸው ውስጥ ስድሳ ሦስተኛዋ ናት፤ ሁለት ሚሊዮን ሰባ አንድ ሺህ ሰባት መቶ ሃያ ሦስት። አንተ ቀሪዋ አርባ አንድ ሺህ ሦስት ነው ብለህ ጽፈሃል። በቀን አንድ ብቻ ነበር የምሠራው፤ ራሴን ያመኛል። ልብስ ሰፊዋ ጨርቁን አልጋዬ ላይ ዘረጋች፤ የመጨረሻዋን አንድ አወረድኩና ቀነስኩ። «ስንት ተረፈ?» አለችኝ ጠመኔዋን ይዛ። «ምንም» አልኳት። «ምንም ማለት ስንት ነው?» አለች። ዜሮ ጻፊ አልኳት። እንደገና ከላይ ጀመርን። በማግስቱም ደገምነው። በሦስተኛው ቀን ሁለቱን፣ አካፋይዋንና ድርሻውን፣ መልሼ አባዛኋቸው፤ አሥራ ሰባቱ አንዶች ወጡ። እሷ ጮክ ብላ ቆጠረችልኝ።

ደስ አለኝ። ላንተ ብዬ አልደብቀውም። እንደ ልጅ አለቀስኩ፣ እሷም መኪናዋን አቁማ አብራኝ አለቀሰች፤ ለምን እንደምታለቅስ አታውቅም። ከዚያ «አሳዪኝ» አልኳት። ጨርቁን ወደ መስኮቱ አነሳችልኝ። ጥቁር ነገር አየሁ፣ በላዩ ላይ አንድም ነጭ አላየሁም። ደስታው እዚያ ላይ አለቀ።

ሒሳብ አስተማሪ ነኝና ልክፈለው። ዓይኔን የወሰደው ግፊቱ ነው፤ የኅዳሩን ቀጠሮ ያሳለፍኩትም እኔው ነኝ። ያንተ ድርሻ አራት ወር ዝምታና ከደብተርህ ወዲህ ያለፈው አሥራ አንድ ዓመት ነው። በዚያ በአርባ ቀኑ ውስጥ ሆስፒታል ተኝቼ ሳለሁ እየሮጥክ መጥተህ «አክስቴ፣ ዜሮ መጣ!» ትለኝ ነበር። ዓይን ነበረኝ። አብረን እናየው ነበር። የምቆጨው በዓይኔ እንዳይመስልህ፤ በዚህ ነው።

ስለ እናትህ የማታውቀውን ልንገርህ። እንዳትገባ የከለከለችው እሷ ናት። ፊቷ ተለዋውጦ ነበርና «ልጄ ይህን ይዞ እንዲያድግ አልፈልግም» አለችኝ። አንዶቹን የምትጠይቀኝ ሕመሙ ሲብስባት ነበር። ጥርሷን ነክሳ «አሁንስ ተሰበረ?» የምትለው እንዳትጮህ ነው፤ ከበሩ ውጭ እንደቆምክ ታውቅ ነበር። የሰማኸው ሳቅ ሳቅ አልነበረም። ይህን በጊዜው ልነግርህ ይገባኝ ነበር። በዚህ በኩል ጥፋቱ የኔ ነው።

ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ ላስጽፍ አስቤ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ብዕሩን አንስታ ጠበቀች። ቃሉ አልወጣ አለኝ። ያልወጣውን አልጽፍልህም፤ በዘጠኝ ቢጣራ ልክ የሚመጣ ይቅርታ አያስፈልገንም።

አትምጣ። ሥራህን ያዝ።

አክስትህ


ግንቦት 4

አክስቴ፣

ጤናሽን ይስጥሽ። ስለ እናቴ የጻፍሽውን ስንቴ እንዳነበብኩት አላውቅም። ሥራ ላይ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። 

አንድ ነገር ልስጥሽ። ደብተርሽ አሥራ ሰባት ላይ ነው የቆመው። ሁለት አንድ ጨምሪበት። አሥራ ዘጠኝ አንድ ያላት ቁጥር ብቸኛ ናት። አትሰበርም። ከአሥራ አንድ ቀጥሎ በአንድ ብቻ ከተጻፉት ሁሉ የመጀመሪያዋ የማትሰበር እሷ ናት። ከፊት ብታነቢያት ከኋላ ያው ናት። አንድን ለሷ ብታካፍዪ ከነጥቡ በኋላ አሥራ ስምንት ዜሮ ይመጣና ዘጠኝ ይከተላል፤ እንደገና አሥራ ስምንት ዜሮ፣ እንደገና ዘጠኝ፤ ለዘላለም እንዲያ ነው። ይህን የዜሮና የዘጠኝ ነገር አንቺ ሳትነግሪኝ ራሴ በወረቀት አረጋገጥኩት፣ ቀላል ነበር።

እናቴ የጠየቀችሽ ይህን ነው። «አንዱን ብናበዛውስ?» ላለችው መልሱ አለ። ሁለት እርምጃ ብቻ ነበር የቀራችሁ። ይህን ብታውቂ ትንሽ ያሳርፍሽ ይሆናል ብዬ ነው።

የእህትሽ ልጅ


ሐምሌ 17

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ብዙ የቆየሁት ታምሜ ነው፤ አሁን ተቀምጬ እውላለሁ። መስኮቱም አሁን አይታየኝም።

ስለ አሥራ ዘጠኙ የጻፍከውን ልብስ ሰፊዋ አነበበችልኝ። ዜሮዎቹና ዘጠኙ ልክ ናቸው፤ በቃሌ ሠርቼዋለሁ፣ ቆንጆ ነው። ከፊትም ከኋላም ያው መሆኗን ለመናገርስ ማንም አያስፈልግም። አትሰበርም ያልከውን ግን የማጣራበት መንገድ ፈልጌ አጣሁ። አካፋይ ብትኖራት ትንሿ በሠላሳ ስምንት ተካፍላ አንድ የምትተርፍ ብቸኛ ቁጥር ናት። አንድ ቢሊዮንን ማለፍ አለብኝ። በቀን አራት ባካፍል ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ ይቺን ቁጥር የሚያውቅ ሰው ሁሉ አንድ ሌላ ነገር አምኖ ነው የሚያውቃት፤ ወይ መኪናውን፣ ወይ የነገረውን ሰው።

ለእኔ የነገርከኝ አንተ ነህ።

ሦስት ቀን አሰብኩበት። ልብስ ሰፊዋ «እመኚው፣ አሁን ምን ብሎ ይዋሻል?» አለችኝ። እውነቷን ሊሆን ይችላል። አዲስ ደብተር አስገዛኋትና በመጀመሪያው ገጽ ላይ አሥራ ዘጠኝ አንድ አስጻፍኳት። ከሥሩ ያስጻፍኩትን ቃል በቃል ልላክልህ፦

«የእህቴ ልጅ አትካፈልም ይላል። አልተረጋገጠም።»

አክስትህ